ደም መልስ

ስለ ደም እንዲያስተምር የተላከው ሰው ደም ማየት የማይችል ነበር፤ እኔን ማለቴ ነው። ዶሮ ሲታረድ ጓሮ ዞሬ የምቆይ ሰው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ከመካነ ኢየሱስ ተነስቼ፣ ወገዳን አልፌ፣ የስማዳን ገበሬዎች ስለ ጤና ላስተምር ሄድኩ። በደረት ኪሴ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቻለሁ። አንዱ አይጽፍም፤ ለግርማ ሞገስ ነው።

ያረፍኩት በዕድሜ የገፉ አንድ አባወራ ቤት ነበር። ታናሽ ወንድማቸው በድንበር ጠብ ተገድሎባቸዋል። ገዳዩ ጎረምሳ ሸሽቶ ቆላ ወርዷል፤ እናቱ ግን እዚያው መንደር አሉ። የአገር ሽማግሌዎች ብዙ ደክመው እርቁን ለመስቀል ቀጥረውታል፤ ልጁም ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ይቅርታ ሊጠይቅ ተስማምቷል። እስከዚያው ሁለቱ ቤተሰቦች አይነጋገሩም፣ እህል ውሃ አብረው አይቀምሱም። ከትምህርት መቅረት ግን በገበሬ ማኅበሩ ስለሚያስቀጣ፣ አባወራው ከፊት ወንበር ላይ፣ እናትየዋ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ማወቄ ነው።

ስለ ደም ዝውውር የማስተምርበት ተራ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሰሌዳው ላይ ልብ ሣልኩ፤ ድንች መሰለ። ከልብ የሚወጣውን የደም ሥር በቀይ ጠመኔ፣ ወደ ልብ የሚገባውን በነጭ አሰመርኩና፣ መጽሐፉ እንደሚለው የፊተኛውን ደም ቅዳ፣ የኋለኛውን ደም መልስ አልኳቸው። የገዛ ድምፄ ደስ አለኝ። ድምፄ ደስ ካለኝ ደግሞ ማቆሚያ የለኝም።

«ደም መልስ የሌለው ሰው የለም» አልኩ። «ሀብታም ድሃ ሳይባል ሁሉም አለው። የወጣው ደም ካልተመለሰ በሕይወት መኖር አይቻልም።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ትምህርቱ ገባቸው ብዬ ኮራሁ። እናትየዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ሲወጡ፣ አሟቸው ይሆናል አልኩና ስለ ሳምባ ቀጠልኩ።

በማግስቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣብኝ።

«ጓድ አስተማሪ፣ የትናንቱ ነገር ትምህርት ነው ወይስ አዋጅ?»

«የቱ?»

«ደም መልሱ ያልከው ነዋ። እናትየዋ ወደ ልጃቸው ሰው ልከዋል። መንግሥት ደም ይመለስ ብሏልና እንዳትመጣ ብለውታል።»

እኔ እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ደም መመለስ ማለት የገደለን መግደል መሆኑን ለማወቅ መጽሐፍ አያሻኝም። ጠመኔ ስይዝ ግን የእናቴ አማርኛ ጥሎኝ ይሄዳል። የሟች ወንድምና የገዳይ እናት በተቀመጡበት ቤት፣ በቀይና በነጭ ጠመኔ በቀልን ስሰብክ ውያለሁ። እርቁ ቢፈርስ የሚሞት ሰው አለ። አፈርኩም፣ ፈራሁም።

እናትየዋ ቤት ሮጥኩ። «እናቴ፣ እኔ ያልኩት ሥር ነው፤ በሰው ገላ ውስጥ ያለ ሥር» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፤ አልፈርድብህም። እኔ ግን ያለኝ አንድ ልጅ ነው» አሉና በሩን ገርበብ አደረጉት። እኔም በቀረችው ክፍተት ስለ ልብ አራት ክፍሎች አስረዳሁ። ማን እንደሰማኝ እንጃ።

ተመልሼ ለአባወራው ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እኔም የሰማሁት እንደ እሷው ነው» አሉኝ። «ይቅር ያልኩትን ልጅ መልሰህ ልታስገድለኝ ነበር። በል ሥር ነው ካልክ አሳየን። በግ እንረድና ልቡን አውጥተህ ታሳየናለህ?»

ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም፤ ብቻ «ተወው፣ ተወው» አሉ እየሳቁ።

ሊቀመንበሩ እናትየዋን ለምኖ ለቀጣዩ ትምህርት አመጣቸው። በገዛ እጄ ላሳያቸው እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ምን ይታያል? ከጠመኔ የከበደ ነገር አንስቶ የማያውቅ እጅ፣ ሥሩም ሊያርፍ ተኝቷል። አባወራው ትንሽ ታገሡኝና ከወንበራቸው ተነሱ። ሞፈር ሲጨብጥ የኖረ እጃቸውን ከእናትየዋ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ሥሩ ከሩቅ ይታያል።

«ንኪው በላት» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

 እናትየዋ በአንድ ጣታቸው የአባወራውን የእጅ ጀርባ ሥር እንዲጫኑ፣ በሌላው ጣት ወደ ክንድ እንዲጠርጉት ነገርኳቸው። እንዳልኳቸው አደረጉ። ያ ሁሉ ሥር ጠፋ። ደሙ ወደ ልብ ሄዶ፣ ጣታቸው ከኋላ የሚመጣውን ዘግቶታል።

«አሁን ይልቀቁት» አልኩ።

አልለቀቁም። እንባቸው ይወርዳል። አባወራው ያኔ ፊታቸውን መለሱ።

«ልቀቂው፣ እህቴ። ወደ ልቤ ነው የሚሄደው።»

ጣታቸውን አነሱ፤ ሥሩ ሞላ። አባወራው ግን እጃቸውን አልሰበሰቡም። እኔ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ነገር ላስረዳ ጠመኔዬን ሳነሳ ሊቀመንበሩ የኮቴን ጫፍ ጎትቶ አስቀመጠኝ።

በዚያው ቀን ሌላ መልእክተኛ ወደ ቆላ ወረደ። ለመስቀል ልጁ ድንጋዩን ተሸክሞ መጣ፤ ከትከሻው ያወረዱለትም አባወራው ራሳቸው ናቸው አሉ። አሉ የምለው፣ የእርቁ በግ እየታረደ ስለነበር እኔ ጓሮ ነበርኩ።