ባለ ሦስት ቀዳዳው ክርን

ጅማን ልለቅ ስል በዋዜማው ምሽት አባቴ ከቤት ጠፋ። ጊንጆ ያለው ግቢያችን ዘመድ ሞልቶታል፤ እናቴ ከሰርቦ የመጣ ቡና ሻንጣዬ ውስጥ ትጠቀጥቃለች፤ እሱ ግን ለመግሪብ ሶላት እንደወጣ አልተመለሰም። ጠዋት አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስም አላየሁትም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ቋሚ የነርስነት ሥራዬን ትቼ ጀርመን ልሄድ መሆኑን ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ለማን አስረክበሽ?"

"አባ፣ ሰው ነው የማክመው፤ ምን አስረክባለሁ?"

"እሱንስ ቢሆን ለማን?"

ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ስደውል እናቴ ታነሳለች። "ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ አባትሽ ሶላት ላይ ነው" ትለኛለች። በእሷ አባባል ከሆነ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ከሄድኩ ወዲህ አባቴ ከሶላት ተነስቶ አያውቅም። እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ።

የምኖርበት ከተማ ትንሽ ነው፤ የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ጅማም ይዘንባል፤ የእኛ ዝናብ ግን ወርዶ፣ ወርዶ ይሄዳል። የዚህኛው በሰዓት የሚከፈለው ይመስል ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል። እኛ ጓሮ ወድቆ ዶሮ የሚጭረው አቮካዶ እዚህ ለየብቻው ስም ተለጥፎበት ይሸጣል።

አከራዬ ሄር ክላውስ ይባላሉ፤ ሄር ማለት አቶ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰባ የዘለሉ ሰው ናቸው። የገባሁ ዕለት አራት የቆሻሻ በርሜል አሳዩኝ።

"የሻይ ከረጢቱን የት ልጣል?" አልኳቸው።

"ቅጠሉን ቡናማው ውስጥ፣ ወረቀቱን ሰማያዊው ውስጥ፣ ክሩን ጥቁሩ ውስጥ።"

"እኔስ?"

"እርስዎ ሦስተኛ ፎቅ ነዎት" አሉኝ፣ ሳይስቁ።

አንድ ቀን ለብስክሌቴ ምድር ቤቱ ውስጥ ቦታ ጠየቅኳቸው። ቅዳሜ እንደሚለቀቅ ነገሩኝ፤ የሞተ ወንድማቸውን ካርቶኖች ሊጥሉ ነው። ላግዛቸው ወረድኩ። አንዱ ካርቶን ከሥሩ ተቀዶ የትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ደረጃው ላይ ወደቀ።

"ይዩት" አሉኝ። "ግራው ከቀኙ ይረዝማል። ወንድሜ ክንፍ እንኳ አስተካክሎ መሥራት አይችልም ነበር። ሁሉ ነገሩ እንዲህ ነው። አሥር ዓመት ሳንነጋገር ሞተ።"

"ወንድምዎ አልተሳሳቱም" አልኳቸው። "ይህ በሽቦ የሚበር ነው። አብራሪው ሜዳው መሃል ሁለት ሽቦ ይዞ ይቆማል፤ አውሮፕላኑ ይዞረዋል። ሽቦው በግራ ስለሚታሰር ክብደቱን እንዲሸከም ግራው ይረዝማል። ቀኙ ጫፍ ደግሞ የእርሳስ ብረት ይገባበታል። በእጅዎ ይመዝኑት።"

መዘኑት። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

"ይህን ከየት አወቁ?"

"ከጅማ።"

"ጅማ እንዲህ ዓይነት ይሠራል?"

"አይሠራም። ይረከባል።"

እውነቴን ነው። እኔ ሳልወለድ አንድ የውጭ አገር መምህር ለተማሪዎቹ እነዚህን አውሮፕላኖች ያስተምር ነበር፤ አገሩ ሲመለስ የዕቃቸውን ሳጥን ለአባቴ ትቶ ሄደ። አባቴ ስም የሌለው ዕቃ መዝገብ ላይ አያሰፍርም፤ ስለዚህ ስም አወጣ። ክንፉ ውስጥ ሆኖ የሽቦውን ጉተታ ወደ ጅራቱ የሚያዞረውን ሦስት ማዕዘን ብረት "ክርን" አለው። ጅራቱ ላይ የቆመችውን ትንሿን ብረት ደግሞ "ቀንድ"። በየዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ እሱ ስም ይጠራል፤ እኔ ከሳጥኑ አውጥቼ አሳየዋለሁ። ማንበብ ሳልችል ነው ሁሉንም የለየኋቸው።

ሄር ክላውስ ካርቶኖቹን መልሰው አስገቡ። የሦስት አውሮፕላን ዕቃ ተደባልቆ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን መለየት ጀመርን። ሙጫው ላይ የወንድማቸው የጣት አሻራ ሲገኝ በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል። አንዱን ልንጨርስ ስንል ግን ክርኑ ላይ ቆምን። የጅማው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው፤ የዚህኛው ሦስት አለው። ወደ ጅራቱ የሚሄደው ዘንግ ከየትኛው ይገባል?

ደወልኩ።

"ሶላት ላይ ነው" አለች እናቴ።

"እሺ። ሲጨርስ ባለ ሦስት ቀዳዳ ክርን አግኝቻለሁ በይው። የቱን እንደምጠቀም አላወቅኩም።"

 ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማሁ።

"ሦስት?" አለ አባቴ።

"ሦስት፣ አባ።"

"ተቆጥሯል?"

"ሁለቴ።"

"ለጀማሪ ወደ መሃሉ የቀረበው ነው። የውጨኛው ጅራቱን ያስፈነጥረዋል፤ አፍንጫውን መሬት ይተክላል። መምህሩ ሲናገር ሰምቻለሁ።" ከዚያ ስለ ሽቦው፣ ስለ ነዳጅ ታንኩ፣ ስለ ቀንዱ ብዙ አወራ። እንዴት ነሽ አላለኝም።

"አባ፣ አንተ ደህና ነህ?" አልኩት።

"ሞተሩ ካስቸገረ ደውይ" ብሎ ስልኩን ለእናቴ መለሰላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሣሩ የታጨደ ሜዳ ላይ አበረርነው። ሞተሩ ፕሮፔለሩን አንዴ ስመታው ተነሳ። ሄር ክላውስ መሃል ቆመው ሽቦውን ይዘው ዞሩ፤ ነዳጁ ሲያልቅ ራሳቸውን አዙሯቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ማታ ደወልኩ። አባቴ ራሱ አነሳው።

"እህስ?"

"ሞተሩ እምቢ አለ፣ አባ" አልኩት።

"ነዳጁ ያረጀ ይሆናል። ታንኩን እጠቢውና ሳምንት ንገሪኝ።"

"እሺ" አልኩት።