አባቴ ሜዳ የገባበት ቀን

ትናንት እዚህ ስዊድን፣ ፊቲያ ሰፈር፣ ሜዳ ዳር ቆሜ የልጆች ጨዋታ ሳይ የጡንቻ ቅባት ሽታ ሰነፈጠኝ። ወዲያው የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ታላቅ ወንድሜ ዮናስ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወት ነበር። ኳርተርባክ ነው፤ ኳሱን የሚወረውረው እሱ ነው። የዚያን ቀን ለፍጻሜ ለማለፍ አንድ ጥሩ ውርወራ ሲቀረን በቀኝ ትከሻው ወደቀ። አሰልጣኙ ቅባት አሸለትና መልሶ አስገባው። ደጋፊው አበደ። እኔም አግዳሚው ላይ ወጥቼ "ዮናስ! ዮናስ!" ስል ድምፄ ተዘጋ።

አባቴ ብቻ አልጮኸም። ብድግ አለና እያነከሰ፣ ዳኛው ፊሽካ እየነፋበት መሀል ሜዳ ገባ። ተከትዬው ሮጥኩ።

"ልጁ ራሱ እችላለሁ ብሏል" አለው አሰልጣኙ በስዊድንኛ።

"ልጅ አይደል? ሌላ ምን ይበል?"

ከዚያ የዮናስን ሄልሜት በገዛ እጁ አወለቀና በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ "ና ልጄ። እኔን የሚያስወጣኝ ሰው አልነበረም" አለው።

ከየት እንደሚያስወጡት አልገባኝም። አባቴ ኳስ ተጫውቶ እንደሚያውቅ አልሰማሁም፤ ማነከሱም አብሮት የተወለደ ይመስለኝ ነበር።

ተሸነፍን። ወደ ቤት ስንመለስ ቱነልባና ባቡር ውስጥ ዮናስ "ጠልቼሃለሁ" አለው።

"ጥላኝ" አለና አባቴ ሳቀ።

የትናንቱ ቅባት የሸተተኝ ከዮናስ ቦርሳ ነው፤ አሁን አሰልጣኙ እሱ ነው። ኳርተርባኳ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ክርኗን ይዛ "እችላለሁ" አለችው። ቅባቱን ቦርሳው ውስጥ መለሰና ሄልሜቷን አወለቀላት። እያለቀሰች ወጣች።

ዮናስ ወደ እኔ ዞሮ "ጠላችኝ" አለኝ። ፊቱ በርቶ ነበር።