ስድስተኛዋ ቀዳዳ

ቨርሊን ጋባርድ ከቤት ሲወጣ በሩን ይቆልፋል፤ እስከ መኪናው ይሄዳል፤ ከዚያ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። የምድጃውን እሳት ሁለት ጊዜ ያያል። እንቁላል ሲገዛ ካርቶኑን ከፍቶ አሥራ ሁለቱንም በጣቱ ይነካል። የግጦሽ በር ዘግቶ ግማሽ ማይል ከነዳ በኋላ መኪናውን አዙሮ፣ እውነት መዘጋቱን አይቶ ይመለሳል። ሚስቱ ኦሊታ ሠላሳ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ያላደረገበትን ቀን አታስታውስም። የማድሊክ ሸለቆ ሰው፣ «ቨርሊን የገዛ ጥላውንም መታወቂያ አሳየኝ ይለዋል» እያለ ይስቅበታል።

እሱ ግን አይከፋውም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ባይ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት የመጋዝ ስለት ሲሞርድ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ከእሱ እጅ ወጥቶ የተሰበረ መጋዝ አልነበረም። ሌላው አንድ ጊዜ ያየውን እሱ ሦስት ጊዜ ስለሚያይ ነው።

ይህ ጠባይ ግን አብሮት አልተወለደም። የገባበት ቀን ይታወቃል።

ቨርሊን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ሆሊስ ደግሞ አሥራ ስድስት። ከአባታቸው ቤት ጀርባ ግንድ ላይ ጣሳ ደርድረው በቨርሊን ሽጉጥ ሊተኩሱ ወጡ። ሽጉጡ የድሮ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተኩስ መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚስቡት፣ ስድስት ቀዳዳ ያለው ከበሮ የሚሽከረከርበት። የዚያ ዘመን ሽጉጥ መዶሻው የሚያርፈው ቀጥታ ጥይቱ ላይ ስለሆነ፣ ወድቆ ድንጋይ ከመታው ይተኩሳል። ስለዚህ በማድሊክ ማንም ልጅ ሽጉጥ ከመያዙ በፊት አንድ ነገር ያጠናል፤ አንድ አጉርስ፣ አንድ ዝለል፣ አራት አጉርስ፤ ከዚያ መዶሻውን ስበህ ቀስ አድርገህ አውርድ። እንዲህ ሲሆን መዶሻው ባዶዋ ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል። ጋባርዶች ደግሞ በዚህ ላይ የራሳቸው ልማድ ነበራቸው፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳያጎርስባት ባዶዋ ቀዳዳ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ይወትፉባታል።

በዚያ ቀን ቨርሊን ሽጉጡን አጉርሶ ከጭነት መኪናው ኋላ አስቀመጠውና ጣሳ ሊደረድር ሄደ። ሲመለስ ጉልበቱ የመኪናውን ጠርዝ ነካ። ሽጉጡ ተንሸራቶ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ጥይቷ የሆሊስን ቀኝ ጉልበት በሳችው።

አባታቸው ከበሮውን ከፈቱ። አምስት ያልተተኮሰ፣ አንድ የተተኮሰ። ስድስት።

«ወረቀቱስ?» አሉ አባት።

«ወትፌው ነበር።»

«የታለ ታዲያ?»

የትም አልነበረም። ቨርሊን ለአንድ ወር ያህል ማለና ተገዘተ። ከዚያ በኋላ ራሱንም መጠራጠር ጀመረ። ሰማያዊ ቀለም ያለበት ወረቀት በጣቶቹ መካከል ሲጠቀለል ይታየው ነበር፤ ግን የዚያን ቀን ነው ወይስ የሌላ ቀን? እጁ የሠራውን ዓይኑ ካላረጋገጠለት የማያምን ሰው የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሆሊስ ዳነ፤ ዕድሜ ልኩን ግን አነከሰ። ወንድማማቾቹ አልተጣሉም፤ ቢጣሉ ይሻል ነበር። አርባ ሁለት ዓመት በአንድ ቤተ ክርስቲያን በተለያየ አግዳሚ ተቀመጡ፤ በቀብር ላይ ተጨባበጡ፤ ስለ ዝናብ ተነጋገሩ። ቨርሊንም ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ አልነካም።

እንግዲህ በሰኔ ወር አንድ እሑድ ኦሊታ መልእክት ይዛ መጣች።

«ሆሊስ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አግኝቶኝ ነበር፤ ቅዳሜ እሱ ግጦሽ ላይ ሰዎች ጣሳ ሊተኩሱ ነው። ከምሳ በኋላ ወዲያው ይምጣ፣ የራሱንም ሽጉጥ ይዞ ይምጣ አለኝ። ለጣሳ ርካሿ ባለ ሃያ ሁለት ሽጉጥ ትበቃዋለች አለ።»

ቨርሊን ማንኪያውን ባቄላው ውስጥ ተወው። «የራሱን ይዞ?»

«አዎ።»

«እሱ አራት አለው አይደል? ለምን የራሱን ይዞ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጣሳ እኮ ነው ቨርሊን፣ ፍርድ ቤት አይደለም።»

«ሲነግርሽ ፊቱ እንዴት ነበር?»

«አፍንጫው መሃል ላይ ነበር» አለችና የበቆሎ ዳቦውን ገፋችለት። «ብላ።»

አልበላም። ነገሩ ቶሎ ገብቶታል፤ ወይም የገባው መስሎታል። ሆሊስ በሚቀጥለው እሑድ እጅ ተጭኖበት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሊሆን ነው። ሽማግሌ የሚሆን ሰው ደግሞ ቂም እንደሌለው ማሳየት አለበት። ስለዚህ ቅዳሜ በሰው ሁሉ ፊት ቨርሊን ሲያጎርስ ያዩታል፤ ከዚያ ሆሊስ እያነከሰ ይመጣና ትከሻውን አቅፎ፣ «ወንድሜ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» ይለዋል። ቨርሊን መሰደብን አይፈራም። ይህን ግን ፈራ። ስለ መሥራቱ እርግጠኛ ላልሆነበት በደል በአደባባይ ይቅር ከተባለ፣ በደሉ እስከ መቃብር የእሱ ይሆናል።

ላለመሄድ አሰበ። ግን እናትም አባትም አልፈዋል፤ ከአንድ ማሕፀን የቀረው ሆሊስ ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ከተማ ነዳ።

ከሚስማርና ከቀለም መሸጫው ጀርባ ሽጉጥ የተደረደረበት የመስታወት ሳጥን አለ፤ ሻጯ ጆኔል ትባላለች፤ ክንዷ ላይ የዓሣ ንቅሳት ያላት፣ ትዕግሥቷ የማያልቅ ሴት ናት። ሰኞ መጣ፤ ማክሰኞ መጣ፤ ሐሙስ ሲመጣ ገና ከበሩ ጮኸች።

«አቶ ቨርሊን! ሽጉጥ ነው የሚገዙት ወይስ ሚስት?»

«ሚስትማ በአንድ ቀን ነው የመረጥኩት።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

«እስከ ዛሬ ይቆጫታል።»

ጆኔል ስቃ፣ እየተመላለሰ የሚያያቸውን ሁለት ሽጉጦች ባዶነታቸውን አይታ፣ አሳይታው፣ ጨርቅ ላይ አኖረችለት። አንደኛው ጥሩ ስም ያለው፣ ሰው የተጠቀመበት፣ ሦስት መቶ ሰባ ዶላር። ሁለተኛው አዲስ፣ መቶ ስልሳ።

ቨርሊን መነጽሩን አደረገ። የተጠቀሙበትን አነሣ፤ መዶሻውን በቀስታ ስቦ የከበሮውን ጠቅታ የመጋዝ ጩኸት ባላደነቆረው ጆሮው አዳመጠ፤ ከበሮውን በሁለት ጣቱ ወዘወዘው፤ ከዚያ ከበሮውን አውጥቶ ቀዳዳዎቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። ሃያ ሁለት የምትባለው ትንሽ ጥይት መሃሏ ሳይሆን ጠርዟ ሲመታ ነው የምትተኩሰው፤ ሽጉጡ ባዶ ሳለ ቃታውን ደጋግመው ከሳቡት መምቻው የቀዳዳውን አፍ ይቀጠቅጠዋል።

«ይኸው» አለ። «ስድስቱም ተነክሰዋል። ይህን የያዘው ሰው ማታ ማታ ቴሌቪዥን እያየ ባዶውን ሲያስጮኸው ነበር።»

ጆኔል አጎንብሳ አየች። «ወይ ጉድ! እኔ አላየሁትም።»

«አላየሽውም ወይስ አልነገርሽኝም?»

«አቶ ቨርሊን፣ ባየው ኖሮ ለእርስዎ ባልሸጥኩት፤ መልሰው ራሴ ላይ እንደሚያመጡት አውቃለሁ።»

ይህ እውነት ስለመሰለው ወደ ሁለተኛው ዞረ። «ይቺስ? መቶ ስልሳ ዶላር ምኗ ጎድሎ ነው?»

«አካሏ ከርካሽ ቅይጥ ነው፤ ጥቁሩም ቀለም ነው፣ ይላጣል። ማነጣጠሪያዋ አይስተካከልም። አፈሙዟና ከበሮዋ ግን ብረት ናቸው። ጣሳ ትጥላለች። ሊዘምቱባት ነው እንዴ?»

«ብትወድቅስ?»

«መዶሻው ጥይት እንዳይነካ የሚያግደው መቀርቀሪያ አላት፤ ይኸው በአውራ ጣት። እንደ ድሮዎቹ አይደለችም። ስድስቱንም ያጎርሳሉ።»

ቨርሊን ቀና ብሎ አያት። «መቀርቀሪያ ይረሳል፣ አንቺ ልጅ። ባዶ ቀዳዳ ግን አይረሳም።»

ከበሮውን አወጣ። ስድስቱም የቀዳዳ አፎች እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃሉ። የማንም እጅ አልነካቸውም። ይህ ነው ልቡን የማረከው፤ ርካሽነቷ አይደለም። ቅጹን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሞላ፤ ጆኔል ስልክ ደውላ ከመንግሥት የመግዛት ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ቆሞ ጠበቀ፤ ከፍሎ ወጣ፤ ከመኪናው ተመልሶም ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ከሽጉጡ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን አመሳከረ።

ቅዳሜ የሆሊስ ግጦሽ ላይ ሲደርሱ ሌላ መኪና አልነበረም። ኦሊታ የቲማቲሙን ሳህን ይዛ ወደ ቤት፣ ወደ ሆሊስ ሚስት ገባች። ቨርሊን ግን ከመኪናው አልወረደም። ግንዱ ላይ ጣሳ ተደርድሯል፤ ሆሊስ ከጎኑ ብቻውን ቆሟል።

«ሰዉ የታለ?» አለ ቨርሊን በመስኮቱ።

«ለነሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ኑ ብያቸዋለሁ።»

«ለምን?»

«ውረድማ። አልነክስህም፤ ጥርሴ ሰው ሠራሽ ነው።»

ቨርሊን ወረደ። ሽጉጧን ከሳጥኗ አወጣ፤ አፈሙዟን ወደ ግንዱ አዙሮ የማጉረሻዋን ትንሽ በር ከፈተ። የሆሊስ ዓይን እጁ ላይ እንዳለ ያውቃል። አንድ አጎረሰ። አንድ ዘለለ። አራት አጎረሰ። መዶሻውን ስቦ ቀስ አድርጎ አወረደ።

«አዲሶቹ ይህ አያስፈልጋቸውም እኮ» አለ ሆሊስ።

«ለእኔ ያስፈልገኛል። ይህን ልታይ ነው የጠራኸኝ፤ አየህ። አሁን ሰው ሳይመጣ የምትለውን በለኝ።»

ሆሊስ ባርኔጣውን አወለቀ። «እሑድ እጅ ሊጭኑብኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ይህን ጉልበት ይዤ መንበርከክ አልቻልኩም፣ ቨርሊን። ስድስተኛዋን ያጎረስኳት እኔ ነኝ።»

ከግጦሹ ማዶ ላም ጮኸች። የቨርሊን ፊት ጠቆረ። በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነግጣል እንደሚባለው፣ ደግ ቃል ሲሰማ ወጥመዱን ነው የሚፈልገው።

«አሁን ሽማግሌ ልትሆን ስለሆነ ሸክሜን ልትወስድልኝ ነው? አትዘንልኝ! ምጽዋት አልፈልግም።»

«ምጽዋት አይደለም።»

«አባባ ከበሮውን አይተዋል። ወረቀት አልነበረበትም።»

«እኔ ነቅዬው ኪሴ ውስጥ ስለነበረ ነዋ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወረቀት የቀደድከው ነበር፤ የኖኅ መርከብ ያለበት። የመርከቧ ጫፍና ሰማያዊው ውኃ ነበር የቀረው። ሆስፒታል ሱሪዬን ሲቀዱት አብሮ ሄደ።»

ቨርሊን የመኪናውን ጠርዝ ያዘ። ሰማያዊውን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ለአባቱም፣ ለኦሊታም፣ ለመጋቢውም። ሕልም ነው ብሎ ራሱ የካደው ነገር ነበር።

«አርባ ሁለት ዓመት» አለ በመጨረሻ። ድምፁ እንግዳ ሆነበት። «አርባ ሁለት ዓመት፣ አንተ!»

«አባባ ሲጮሁብህ ፈራሁ። ከዚያ ሳምንት አለፈ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ደግሞ አፍ ይቆለፋል።»

ቨርሊን ሽጉጧን ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግንዱ ሄደ። አንዲት ጣሳ ነፋስ ጥሏታል፤ አንሥቶ አቆማት። የመሄድ ሐሳብ መጣለት፤ የመኪናው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። ከዚያ ሳያስበው በጣቱ እየጠቆመ ጣሳዎቹን ቆጠረ። ስድስት።

«ለምን አጎረስካት?» አለ ሳይዞር።

«ስድስት ጣሳ ነበር የደረደርከው» አለ ሆሊስ። «ጥይትህ ግን አምስት። ስድስቱንም ስትጥል ለማየት ፈልጌ ነው።»

ቨርሊን ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሽጉጧን አውጥቶ ባዶዋን ቀዳዳ ወደ በሯ አመጣ። ከደረት ኪሱ ያለፈውን እሑድ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት አወጣ፤ የሆሊስ ስም ለሽምግልና የታተመበትን። ጥጉን ቀደደ፤ በምራቁ አርሶ ጠቀለለ፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ወተፈው። መዶሻውን ስቦ በቀስታ ወረቀቱ ላይ አወረደና ሽጉጧን ለወንድሙ ዘረጋለት።

«አምስት ናት» አለ። «ስድስተኛዋን ጣሳ እንዳትመኛት።»

ሆሊስ እየሳቀ አለቀሰ፤ በዚያ ዓይኑ ተኩሶ ሁለት ብቻ ጣለ። ሰዉ ሲደርስ ሁለቱ ሽማግሎች በአንድ የጭነት መኪና ኋላ ተቀምጠው ሞርታዴላ በዳቦ ሲበሉ አገኛቸው፤ ምን እንደተባባሉም ማንም አልጠየቀም። እግዚአብሔር የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ምስክር ቆሞ ማየት የለበትም።

ወደ ማታ ቨርሊን የግጦሹን በር ዘግቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ግማሽ ማይል ከሄዱ በኋላ፣ ሁልጊዜ የሚያዞርበት ሜዳ ላይ ሲደርሱ፣ ኦሊታ እንደ ልማዷ ሳህኑ እንዳይንሸራተት በእጇ ያዘች።

«በሩን ዘግተኸዋል?» አለች።

«ዘግቼዋለሁ» አለ ቨርሊን፤ ቀጥታም ነዳ።