የእትዬ ሙሉ ስኳር

ባለፈው ሳምንት፣ ፍልሰታ በገባ በማግስቱ፣ እጄ ተንቀጠቀጠብኝ። ልጄ ጣቴን ወግታ ስኳሬን ስትለካ ወርዷል፤ ሮጣ ከረሜላ አጎረሰችኝ። «እማዬ፣ አትጹሚ አልተባልሽም?» ብላ ጮኸችብኝ። ጣፋጩ አፌ ውስጥ ሲሟሟ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ያ ጭቃ ግቢያችን መጣብኝ።

ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ስኳር ነበረባትና በየማለዳው መርፌ ትወጋለች። ሐኪሙ «ተወግተሽ ሳትበዪ እንዳትውዪ» ቢላትም በፍልሰታ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ባፏ አይዞርም። «ኧረ ተይ፣ ይጥልሻል» የምትላት እትዬ ሙሉ ብቻ ነበረች። የብረት ቀጥቃጩ ሚስት ናት፤ እህቷ በዚሁ በሽታ ስለሞተችባት ምልክቱን ታውቀዋለች። ሰፈርተኛው ግን ቡዳ ናት እያለ ልጆቹን ይሸሽግባት ነበር።

አንድ የፍልሰታ ቀን እማዬ ዝናብ እየወረደባት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደጃፋችን ላይ ወደቀች። ላብ አጠመቃት፤ ትቃዣለች። «ቡዳ በልቷታል!» አለ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ። ጋሽ ብዬ መጥራቱ ራሱ ያንቀኛል! አውራ ጣቶቿን በሲባጎ አሰረ፤ ሴቶቹ ጤና አዳም አፍንጫዋ ላይ ጨፈለቁ። ከዚያ በጥፊ ያጮላት ጀመር። «ለፍልፊ! ማን ነው የበላሽ?» ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ክንዱ ላይ ብንጠለጠል በክርኑ ደረቴን ብሎ ከግድግዳው አላተመኝ።

«ሙሉ... ሙሉ...» አለች እማዬ። እየጠራቻት እኮ ነበር፣ እንድትደርስላት! እነሱ ግን የበላት ሰው ስም ወጣ ብለው አበዱ።

እትዬ ሙሉ ጩኸቱን ሰምታ፣ ስኳር በወረቀት ጠቅልላ በራችን ደርሳለች። ጸጉሯን ይዘው ጭቃው ላይ ጣሏት፤ ረገጧት። ጥርሷ ሲወልቅ በዓይኔ አይቻለሁ። የበላው ቡዳ ራሱ ካልተፋበት የተበላው ሰው አይድንም ይባላልና «እንትፍ በዪባት!» እያሉ እናቴ ላይ ጎተቷት። እሷ አልተፋችም። ጡጫዋን ፈታ፣ እየደበደቧት፣ ስኳሩን እናቴ ድድ ላይ አሸችው።

ትንሽ ቆይቶ እማዬ ዓይኗን ገለጠች። እልልታው ቀለጠ። «አያችሁ! ራሷ በልታ ራሷ ለቀቀቻት!» አለ ጋሽ ታደሰ።

መስቀል ሳይደርስ እትዬ ሙሉና ባሏ ሰፈሩን ለቀው ሄዱ። እማዬ ከዚያ ወዲያ በየፍልሰታው ቁርሷን እያለቀሰች በላች፤ ብዙ ዓመትም ኖረች።

«ነገስ?» አለችኝ ልጄ።

«እበላለሁ» አልኳት። ፈጣሪ ለምን በላሽ ካለኝ፣ እትዬ ሙሉን የረገጧት ሁሉ ያን ቀን ጿሚዎች ነበሩ እለዋለሁ።