እንግዶቼ እስኪሄዱ

እንግዳ መቀበል አያደክምም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የሚደክምለት ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። በእኛ ቤት እኔም ሚስቴም እኩል ደክመናል። ነገሩ የሆነው ሞባይል ስልክ ከሚሴ ገና ሳይገባ፣ ወሬ በገበያተኛና በሹፌር አፍ በሚመላለስበት ጊዜ ነው። ያኔ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከዓመታት በፊት ከሆላንድ መጥቶ ከእኔ ጋር ሁለት ዓመት ያስተማረ ሰው ነበር። ያ ሰው ሚስቱን ይዞ ሊጠይቀኝ እንደሚመጣ ጻፈልኝ። ደብዳቤው ሐሙስ ደረሰ፣ እሱ ራሱ አርብ ደረሰ።

ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። መናኸሪያው መሀል ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨን ስንሳሳም ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። "አካም ጂርታ?" ሲለኝ ሊስትሮዎቹ አጨበጨቡለት፤ የኦሮምኛ ሰላምታውን አልረሳም። ሚስቱ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ባየችው ነገር ሁሉ የምትደነቅ ሴት ናት። አምስት ሌሊት አድረው ረቡዕ ጠዋት ወደ ደሴ እንደሚሄዱ ነገረኝ። እኔ እየሳቅሁ በሆዴ ቀኑን ቆጠርኩ። ቅዳሜ ልሄድ ያሰብኩበት ሌላ ቦታ ነበረኝ።

ታላቅ ወንድሜ ታሞ ነበር። አያ ነው የምለው። አባታችን ሲሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሱ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ። እሱ ሞፈሩን ያዘና እኔን ደብተር አስያዘኝ። ኮሌጅ እስክጨርስ ድረስ ማሽላውን እየሸጠ ያስተማረኝ እሱ ነው። የሚኖረው ከሰንበቴ ገበያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። ሆዱ ማበጥ ከጀመረ ሰነባብቷል፤ ሆስፒታል ወስጄው መድኃኒት ይዞ ተመልሷል። በዚያ ሳምንት ግን በገበያተኛ "ጊዜ ካገኘ መጥቶ ይየኝ" ብሎ ላከብኝ። አያ በዕድሜው ሙሉ ና ብሎኝ አያውቅም። መልእክቱ ያስፈራኝ ለዚህ ነው።

አርብ ማታ ሚስቴ ወደ ጓሮ ጠራችኝና "እንግዶቹን እኔ እይዛቸዋለሁ፤ አንተ ነገ ሂድና እየው" አለችኝ። በምን ቋንቋ ልትይዣቸው ነው? አልኳት። በእጄ አለችኝ። ሳቅሁባት። ሰው ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ እኔን ብሎ መጥቶ፣ ቤቴ አስቀምጬው ብሄድ ምን ይለኛል? ጎረቤቱስ ምን ይላል? ይሉኝታ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ረቡዕ ሸኝቻቸው በዚያው ቀን ወደ አያ እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ከዚያ ድካሙ ተጀመረ። አልጋችንን ለቀቅንላቸውና እኛ ሳሎን ፍራሽ ዘርግተን ተኛን፤ ወገቤ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ አለኝ። ውኃ በዚያ ሳምንት ከቧንቧው ጠፍታ ነበር። እንግዶቼ ደግሞ በከሚሴ ሙቀት ጠዋትም ማታም ይታጠባሉ። በአህያ እያስጫንኩ በርሜሉን ስሞላ፣ በርሜሉ ሲጎድል፣ እንደገና ስሞላ ዋልኩ። ቅዳሜ ፍየል አረድኩ። ቅቅሉም ጥብሱም ከቀረበ በኋላ ሴትየዋ ሥጋ እንደማትበላ ተነገረኝ። ሚስቴ "ጾም ላይ ናት እንዴ?" አለች። ጾም አይደለም፣ በቃ አትበላም፣ እንስሳት ያሳዝኗታል አልኳት። ሚስቴ የፍየሉን ሥጋ አየች፣ እኔን አየች፣ ሽሮ ልትሠራ ተነሳች። ወላሂ፣ ያን ቀን ከፍየሉ ይልቅ እሷ አሳዘነችኝ።

እሑድ ሰንበቴ ወረድን። ከቆላ የመጡ አፋሮች ግመልና ፍየል፣ ከደጋ የወረዱት እህልና በቅሎ ይዘው የሚገናኙበት ገበያ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እየመጣሁ አንድም ቀን ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም፤ እንግዶቼ ግን አንዱን ግመል አራት ጊዜ ዞሩት። ጥርሱን ለምን ያዩታል? አንገቱ ላይ ያለው ጠባሳ ምንድን ነው? ያ ሰውዬ ለምን ተቆጣ? የተቆጣው ሳይጠየቅ ፎቶ ስለተነሳ ነው። እሱን ይቅርታ ስጠይቅ ሌላው ይቆጣል። በሁለት ሰዓት ውስጥ አስተርጓሚም ሽማግሌም ዘበኛም ሆንኩ። ጉሮሮዬ ደረቀ፣ አናቴን ፀሐይ መታኝ፣ ፈገግታዬ ግን እንደተዘረጋ ቀረ።

ከገበያው ዳር ወደ አያ መንደር የሚወስደው መንገድ ይታያል። እዚያ ስደርስ እግሬ ቆመ። ሴትየዋ የማይበትን አይታ በዚያ በኩል ዘመድ አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። "ሩቅ ናቸው" አልኳት። እውነቱን ብነግራት ተነሱ እንሂድ እንደምትል አውቃለሁ፤ ሰዎቹ ለመሄድ አይሰንፉም። ግን በዚያ ፀሐይ ሁለቱን አስከትዬ ያን ዳገት መውጣቱ ገና ሳስበው ደከመኝ። የአያ ጎጆ ግማሹ የከብት መሆኑም አሳፈረኝ፤ ይህን አልደብቅም። በወንድሙ ላብ የተማረ ሰው የወንድሙን ቤት ለፈረንጅ ማሳየት አፈረ።

ወዲያው ከአያ መንደር የሆነ ሰው አገኘኝና እጄን ይዞ ረጅሙን ሰላምታ አወረደው። የሚስቴን፣ የጎረቤቱን፣ የከተማውን ደኅንነት ጠየቀኝ። እኔም አያስ እንዴት ነው አልኩት። "አልሃምዱሊላህ፣ አለ" አለኝ። ቀጥሎ ሌላ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ ከኋላዬ የቆሙትን ሁለት ፈረንጆች አየና "ኬሱማ ይዘሃል ለካ" ብሎ እጄን ለቀቀ። በእኛ አገር እንግዳ ለያዘ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። እኔም ይህን አውቃለሁ። ግን "አለ" መባሉን ያዝኩና ልቤን አሳረፍኩ፤ የደከመው ሰው የሚያሳርፈውን ቃል ይመርጣል።

ሰኞ ባቲ። ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስተን፣ ኮምቦልቻ መኪና ቀይረን፣ በሰውና በጆንያ መሀል ተጣብቀን ሄድን። እዚያም ግመል፣ እዚያም አቧራ፣ እዚያም ጥያቄ። እንግዳዬ ደስታውን አይችለውም፤ በየደቂቃው ትከሻዬን ይመታኛል። እኔ ደግሞ የምቀመጥበት ድንጋይ እፈልጋለሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ከሚሴ ደረስን።

ሚስቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀን ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጉንፋን ያዘኝ አለችኝ። ራት የቀረበው ከጎረቤት በመጣ ድስት ነው። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ሦስት ጊዜ አጎረሰችኝ። ከሠርጋችን ወዲህ በእንግዳ ፊት አጉርሳኝ አታውቅም። ፈረንጆቹን ለማስደሰት ነው ብዬ አሰብኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቶች ሁሉ ምግብ ይዘው መጡ። አንዷ እንጀራ በመሶብ፣ አንዷ ወጥ፣ አንዷ ንፍሮ። ወንዶቹም መጥተው ደጅ ተቀመጡ፤ ብዙም አይናገሩም፣ አይሄዱምም። አንዱ ጎረቤቴ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ "አይዞህ፣ አላህ ያበርታህ" አለኝ። ድካሜ እስከዚህ ያስታውቃል እንዴ ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጓዳ ገብቼ ባይ ምድጃው ከትናንት ጀምሮ እሳት አልነካውም። ተመስገን፣ ሚስቴ ዛሬ እንኳ አረፈች አልኩ።

እንግዳዬ ይህ ሁሉ ምግብ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ አስረዳሁት፦ በእኛ ዘንድ እንግዳ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ እናንተን ለማክበር ነው የመጡት አልኩት። ሰውዬው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ሴትየዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እየዞረች የሴቶቹን እጅ ጨበጠች። እነሱም እያዩዋት አለቀሱ። እኔ እዚያ መሀል ቆሜ ንፍሮ እየዘገንኩ እስቃለሁ። በለቅሶ ቤት እሳት እንደማይነድ፣ ጎረቤት አብስሎ እንደሚያመጣ፣ ንፍሮ ለማን እንደሚቀቀል የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ስንት ለቅሶ ቤት ይዤ ሄጃለሁ። ለእኔ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ የጨፋን ረግረግ ላሳያቸው ወሰድኳቸው። እንግዳዬ የወፍ መጽሐፍ ይዟል፤ እያንዳንዷን እያየ ስሟን ይጠራል። እኔ አርባ ዓመት ኖሬባት ሁሉንም ወፍ ነው የምላቸው። ሣሩ ላይ ጋደም አልኩ። ነገ ይሄዳሉ፣ ነገ አያን አየዋለሁ፣ ምን ይዤ ልሂድ፣ ብርቱካን ይበላ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ አውቶቡሱ ሲነሳ እጄን እስኪዝል አወዛወዝኩላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ አውቶቡሱ ሲታጠፍ ደስ አለኝ። ብርቱካንና ስኳር ገዝቼ፣ ከዘራዬን ለማንሳት ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ወንበሮቹ ግድግዳ ይዘዋል። በሰፈራችን መስጊድ አዛን የሚሉት ሽማግሌ መሀል ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ያን ጊዜ ማንም ምንም ሳይናገር ገባኝ። የሦስት ቀኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ።

"ልጄ፣ ወንድምህ ወደ አኼራ ሄዷል" አሉኝ ሽማግሌው። ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገሩኝ። አያ እሑድ ለሰኞ ሌሊት አልፏል። መልእክተኛው ሰኞ ጠዋት ከሚሴ ሲደርስ እኔ ባቲ መንገድ ላይ ነኝ። በእኛ ሬሳ አይቆይም፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበረ። ሚስቴ ደርሳ አልቅሳ ተመልሳለች። ቀብሩ ካለፈ ወዲያ በእንግዳ ፊት ማርዳት ነውር ነው፣ ሸኝቶ ይስማ ብለው የወሰኑት እሳቸው ናቸው። እኔ ለፈረንጆቹ የግመል ዕድሜ ሳስረዳ፣ አፈሩን ሌላ ሰው መልሶበታል።

ጮኽኩባቸው። ሽማግሌ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሚስቴንም ሁለት ሌሊት አጠገቤ እየተኛሽ እንዴት ቻልሽበት አልኳት። እሷ አልተቆጣችም። "ቅዳሜ ሂድ ብዬህ ነበር" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ያን ዳገት ብርቱካኑን እንደያዝኩ ወጣሁት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ የሚያስቀምጥልኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም ማስቀመጡን ረሳሁ። ከሰው ጋር አልቅሼ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ የአያ ሚስት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። እሑድ ከገበያ የተመለሰው ሰው ሰንበቴ እንዳየኝ ለአያ ነግሮታል። እሷ ሩቅ አይደለም፣ ሰው ልላክበት ብላ ተነሳች። እሱ ግን ከለከላት።

"ተይው፣ እንግዳ ይዟል። ጥሎ ቢመጣ ሲያፍር ይኖራል" አለ። ግን ውሻው በጮኸ ቁጥር ከትራሱ ቀና እያለ በሩን ያይ ነበር አለችኝ።

ልካችሁብኝ ቢሆን እየሮጥኩ እመጣ ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ቢልኩብኝም ከዚያ ገበያ መሀል ቆሜ "ረቡዕ እመጣለሁ በሉት" ነበር የምለው። አያ ያሳደገኝ ነውና ይህን ያውቅ ነበር፤ ይህን ከአፌ እንዳይሰማ ብሎ ነው ያልላከብኝ።