የቢጫ በቆሎዋ ላም ወተት

ሰሞኑን በሬዲዮ ዘረመሉ ስለተለወጠ በቆሎ ሲከራከሩ ሰማሁ። እሱን የበላ ከብት ወተቱ ይጠጣል፣ አይጠጣም ይባባላሉ። እኔ ሳይንሱን አላውቅም። በደርግ ጊዜ ግን ድሬዳዋ፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ የዚህ ዓይነት ክርክር ተነስቶ ሊያጣላን ነበር።

የበኩር ልጄን እንደወለድኩ ትኩሳት ጣለኝና ጡቴ ደረቀ። ባለቤቴ ዘምቷል፤ የቆርቆሮ ወተት ከሱቅ ጠፍቷል። ልጄ በስኳር ውሃ እየተታለለ ከረመና ለቅሶው ራሱ እየሳሳ ሄደ። ሊያርሱኝ ከደጋ የመጡት አማቴ ቀን ከሌት ይጸልዩ ነበር።

ግቢውን የምንጋራት ሙስሊሟ ጎረቤቴ አንዲት ላም ነበረቻት። ያን ዓመት በድርቁ ምክንያት ከከተማው ወጣ ካለችው ሐርላ የሚመጣው ሣር ቀርቶ የላሟ ወተት ቢያንስባት፣ ሰው ሁሉ «የፈረንጅ ነው» ብሎ የሸሸውን የእርዳታ ቢጫ በቆሎ እያስከካች ላሟን ታበላት ጀመር። ላሟ አማረባት፤ ወተቷም በርክቶ ወደ ቢጫ አደላ። ጉድ ያፈላው ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ ለልጄ ወተት በኩባያ ይዛ ስትመጣ አማቴ በሩ ላይ አገዷት። ለሃይማኖት ብለው እንዳይመስላችሁ፤ ከሙስሊም ቤት ሥጋ ባይበሉም የላሟን ወተት ድሮም ይጠጡ ነበር። የፈሩት በቆሎውን ነው።

«ምን እንደተደረገበት የማይታወቅ እህል! ላሟ የበላችው ወተቷ ውስጥ አይገባም? በዚህ ጨቅላ ላይማ አልሞክርም» አሉ።

«አቦ አዴ፣ እኔ በየቀኑ እጠጣው የለ እንዴ? ምን ስሆን አየሽኝ?»

ድሬ ትልቅ ሴትን «አዴ»፣ እናቴ፣ ብላ ብትጠራም አንቱታ አታበዛም፤ አማቴ ግን «አንቺ» መባሉንም ከበቆሎው እኩል ነበር የሚጠየፉት።

«አንቺማ ትልቅ ሰው ነሽ!»

ጎረቤቴ ሳቀች። ስትናደድ ነው የምትስቀው። ኩባያውን አስቀምጣ ሄደችና ገና የምትጠባ ልጇን አምጥታ አማቴ ጭን ላይ ዱብ አደረገቻት። ልጅቷ ጉንጯ ሊፈነዳ የደረሰ፣ ድንቡሽቡሽ ያለች ነበረች። ከዚያ ማንንም ሳታስፈቅድ ልጄን ከጎኔ አነሳችና ጡቷን አጎረሰችው።

«ይሄስ ወላሂ ከየት የመጣ መሰለሽ? ላሚቱ በቆሎውን፣ እኔ የላሚቱን፣ እሱ ደግሞ የኔን!»

 ልጄ ሲውጥ ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። አለቀስኩ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም።

እስክድን ድረስ ከልጇ ጋር እያፈራረቀች አጠባችልኝ። አማቴም ውለው አድረው «ጨጓራዬን አሞኝ ነው እንጂ» እያሉ ኩባያ ይዘው በሯ ላይ መቆም ጀመሩ። ለእሷ የሚበቃ ምስጋና እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በእነሱ ሃይማኖት አንድ ጡት የጠቡ እህትና ወንድም ናቸው። ልጅቷ ስትዳር የእኔም ልጅ ከወንድሞቿ ጋር ተሰልፎ እንግዳ ይቀበል ነበር፤ ቁመቱ ከሁሉም ይበልጣል። ጎረቤቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ በአገጯ አሳየችኝና፣ «አዴ ይሄን ሳታይ ሞተች!» አለችኝ። «በቆሎው ምን እንዳደረገው ታይልኝ ነበር።»