መሥራች የበዛበት ኩባንያ

አቤሴሎም ሰው ሲያማው አይወድም፤ ስለዚህ ቀድሞ ራሱን ያማል። ሮቤና ጎባ ውስጥ ስለ እሱ የሚወራ ቀልድ ካለ፣ ምንጩን የተከታተለ ሰው የሚደርሰው እሱው ጋ ነው። "ኩባንያ ከፍቼ ራሴን ዘጠነኛ አደረግሁ" የሚለውም የራሱ ነው። ደግሞም እውነት ነው።

ጎባ ተወልዶ ያደገ፣ ለጥቂት ዓመታት ኮምፒውተር ያስተማረ ሰው ነው። ማስተማሩን የተወው ለአንዲት ሐሳብ ብሎ ነው። ባሌ ውስጥ ስንዴ ሲደርስ ገበሬው ሁሉ ኮምባይነር ይጠብቃል። ማሽኑ ጥቂት፣ ጠባቂው ብዙ ነው። ደላላው "ነገ ገሰራ ይገባል" ያለው ኮምባይነር በማግስቱ ጎሮ ላይ ሲያጭድ ይገኛል፤ ዝናቡ ደግሞ የማንንም ተራ አያከብርም። አቤሴሎም ገበሬው ስልክ ደውሎ ተራውን የሚይዝበት፣ ማሽኑም የት እንደደረሰ የሚሰማበት ነገር ሠራና "ተረኛ" ብሎ ሰየመው። አንድ አዝመራ ገሰራ ላይ ሞከረው፤ ሠራ። በሕይወቴ ነካክቼው ያልተበላሸ ብቸኛው ነገር እሱ ነው ይላል።

ብቻውን ግን አልሠራውም። የተሞከረው በሐጂ መሀመድአወል ኮምባይነር ነው፤ ሐጂ ሮቤ ላይ የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ስልኩን የሚቀበለውን መሣሪያ የሠራው፣ እዚያው ሮቤ ስልክ የሚጠግነው ጓደኛው ዲኖ ነው። ቢሮው ደግሞ ጎባ ያለችው የእትዬ ወለተኢየሱስ የመንገድ ዳር ክፍል ነች። ሟች ባላቸው የጠቅላይ ግዛቱ ጸሐፊ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ በዚያች ክፍል ተቀምጠው የሰው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። እትዬ ክፍሏን ሲሰጡት ኪራይ የሚባል ነገር አላነሡም። ከገበሬ ጋር ያስተዋወቀ፣ ወንበር ያዋሰ፣ "በርታ" ያለም አለ።

ሥራው በምርቃት ሊከፈት ሲል አቤሴሎም "የተረኛ መሥራቾች" የሚል ሰሌዳ አሠራ። ማንን ጽፎ ማንን ያስቀር? ታላቅ ሰው ባለበትስ ታናሽ እንዴት ይቀድማል? ዘጠኝ ስም በዕድሜ ተደርድሮ ተጻፈ፤ ሐጂ አንደኛ፣ እትዬ ሁለተኛ እያለ ወረደ። አቤሴሎም ከዲኖ በጥቂት ወራት ስለሚያንስ መጨረሻ ላይ ቀረ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረት ትዝ ያለው ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

በሰሌዳው ከሁሉም የተደሰቱት እትዬ ወለተኢየሱስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጸሐፊው ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ሲሞቱ ደግሞ የጸሐፊው ሚስት የነበሩት ተባሉ። በገዛ ስማቸው ግድግዳ ላይ ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ይሉና ሰሌዳውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ። አዲስ ሰው ሲያገኙም "እኔ እንኳ መሥራች ነኝ" ይሉ ጀመር።

ተረኛ ሁለተኛውን አዝመራ እንዲያይ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። አገር ውስጥ የጠየቀው ሁሉ ለመያዣ ቤት አለህ ወይ ይለዋል። ቤት ቢኖረው የሰው ክፍል ውስጥ ምን አስቀመጠው? በዚህ መሐል የአውሮፓ መንግሥታት ለጀማሪ ኩባንያዎች ገንዘብ እንደሚሰጡ ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ከፖርቱጋል እስከ ፊንላንድ ያለውን የየአገሩን ደንብ አነበበ። ከሞያሌ ወዲያ ያልተሻገረ ሰው የአውሮፓን ካርታ በቃሉ ሊሥል ደረሰ። አንዱ ኩባንያው እዚያው ካልተመዘገበ ይላል። ሌላው መሥራቹ እዚያው ነዋሪ ካልሆነ ይላል። ሌላው ግማሹን ራስህ ካመጣህ ግማሹን እኛ እንጨምርልሃለን ይላል፤ ግማሹ ያለው ሰው ምን አስለመነው ብሎ ገጹን ዘጋ።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ የሰሜን አገር አገኘ። ስሟን ዛሬ ባያነሡበት ይወዳል። ከውጭ የሚመጡ መሥራቾችን ትቀበላለች፤ መነሻ ገንዘብም ትሰጣለች። ማመልከቻውን ሲሞላ "መሥራቾች" የሚለው ጥያቄ ላይ ደረሰ፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየና እንዳለ ገለበጠው።

መልሱ "ውድ መሀመድአወል" ብሎ ይጀምራል። ሐሳቡን ወደውታል። ነገር ግን መሥራቾች ከሦስት መብለጥ የለባቸውም፤ ሁሉም ሌላ ሥራ ትተው እዚያ አገር ለመኖር የተዘጋጁ መሆን አለባቸው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አስተካክሉ ይላል። አቤሴሎም ዘጠኙን ስም እያየ ማን ይሄዳል ብሎ አሰበ። የሚሄደው ዘጠነኛው ብቻ ነበር።

ሰው ከቦታው መሻር የሚኒባስ ወጪ አለው። መጀመሪያ ሮቤ ወርዶ ሐጂን አገኛቸው። ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም አድርጎ፣ ስለ ጤና ጠይቆ፣ ስለ ዝናብ ጠይቆ፣ ጨነቀውና አወጣው። ሐጂ ሳቁ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ" አሉት። "እኔ አልበላሁም፣ አልቆጨኝም። እዚሁ ሳኔቴ ተራራ ብርድ ላይ እንኳ ጉልበቴ እምቢ የሚለኝ ሰው በረዶ አገር ምን ልሠራ? ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም ልጄ፤ ለነሱ ሰርዘኝ። ግድግዳው ላይ ግን ተወኝ።"

ዲኖም አልከበደውም። ሚስቱ ኢፍቱ ልትወልድ ተቃርባለች፤ እሱ እንኳን ሰሜን አገር፣ ጎባም አያድርም። ሌሎቹ በስልክ መርቀው ለቀቁት። ዲኖ ሲሸኘው እትዬንስ አስፈቀድካቸው ወይ ብሎ ጠየቀው። አቤሴሎም አዎ አለ። አላስፈቀደም ነበር።

ሊጠይቃቸው ሳይሞክር ቀርቶ አይደለም። በሄደ ቁጥር እትዬ ሹራብ ሲሠሩ ያገኛቸዋል፤ ክሩን ከሮቤ ገበያ ያስመጡት አገሩ በረዶ ነው ሲባል ሰምተው ለእሱ ብለው ነው። አንድ ቀን መርፌያቸውን አቁመው መሥራች የሆነ ሁሉ ወደዚያ አገር ይጠራል ወይ አሉት። "ይታያል" አላቸው። ይታያል የምትለው ቃል የፈሪ ዋሻ መሆኗን ያን ቀን አወቀ። ቢሮው ገባና ስማቸውን ከማመልከቻው ሰረዘ። በይሉኝታ ጽፏቸው በይሉኝታ ሰረዛቸው። ሰሌዳው እንደሆነ ግድግዳው ላይ ነው፣ የፈረንጅ ወረቀት ማን ያነብላቸዋል ብሎ ራሱን አጽናና፤ ሲያጽናና ራሱን አስጠላው።

ሁለተኛው መልስ "ውድ አቤሴሎም" ይላል። በገዛ ኩባንያው አንደኛ መሆኑ ለአንድ አፍታ ደስ አሰኘው። ቀጥሎ፣ አንድ ሰው ቡድን ስላልሆነ ቢያንስ ሁለት መሥራች ያስፈልጋል ይላል። ይህ ደንብ ከመጀመሪያው እዚያው ገጽ ላይ፣ ከሦስት አይብለጡ ከሚለው ቀጥሎ ተጽፎ ኖሯል። ተማሪዎቹን ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡ እያለ ያሰለቸ መምህር እሱ ነው።

እንደገና ለዲኖ ደወለ፤ ዲኖ ኢፍቱን ሐኪም ቤት ሊወስድ እየተጣደፈ ነበር። እትዬ አሉልህ አይደል፣ ልጅ የላቸው ባል የላቸው፣ እሳቸውን ለምን መልሰህ አታስገባም አለውና ዘጋው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ አቤሴሎም የሸሸው በር ፊት ቆመ።

እትዬ ሹራቡን አንገቱ ላይ አድርሰውታል። ቁጭ በል አሉት። አንድ ችግር ገጥሞኝ፣ ስምዎን መልሼ ላስገባው ፈልጌ፣ ፈቃድዎ ቢሆን ብሎ ተንተባተበ። እትዬ ክራቸውን ሳብ አደረጉ። ለካ ሐጂ ጎባ ለቅሶ መጥተው፣ "እኛ ሽማግሌዎቹ እኮ ተገላገልን" ብለዋቸው ሁሉን ያወቁት ከሰነበተ ነው። እያወቁ ነበር ሹራቡን የሚሠሩት።

"ስሜን ስታወጣ አልጠየቅኸኝም" አሉት። "ስታስገባ ለምን ትጠይቀኛለህ?"

አቤሴሎም በራሱ ላይ ለመቀለድ ቃል ሲያጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። እንዳይከፋዎት ፈርቼ ነው አላቸው።

"እና አልከፋኝም?"

ፊቱን ወደ መሬት ደፋ። አፈረ፤ እንደ ልጅ አፈረ። እትዬ እንዲሁ ካዩት በኋላ፣ እንግዲያው ጻፈኝ ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እሱም እያመሰገነ ሲወጣ፣ ከጠየቁዎት ብቻ እዚያ አገር እሄዳለሁ ይበሉ ብሎ ለመናቸው። እትዬ "ይታያል" አሉት።

ሁለቱ ስም እንደተላከ ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ፤ እሱም በኮምፒውተር ነበር። በዚያች የማመልከቻ ክፍል፣ ከሰሌዳው ሥር፣ እትዬ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ተቀመጡ። ከወዲያ ሦስት ሰዎች አሉ፤ አስተርጓሚው አቤሴሎም ራሱ ነው። ስለ ኮምባይነሩና ስለ ገበሬው ሲጠየቅ አፉ ተፈታለት፤ ሰዎቹም ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ። ከዚያ አንዷ ሴትዮ ወደ እትዬ ዞራ በኩባንያው ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ምንድን ነው አለች።

"እሱ ስሜን ሲያስገባና ሲያወጣ እኔ ቁጭ ብዬ ማየት ነው" አሉ እትዬ። "በላቸው።"

አቤሴሎም ስለ አስተዳደር፣ ስለ አማካሪነት አንድ ያማረ ነገር ሊፈጥር አፉን ከፈተ። እትዬ ግን እንግሊዝኛ ባይሰሙም ፊቱን ያነብባሉ፤ ከሕፃንነቱ ያውቁታል። ዋጠውና እንዳለ ተረጎመው። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንደኛው ሳቁን በእጁ ሸፈነ።

ሴትዮዋ ቀጥላ፣ ለሥራው ሲባል ወደ አገራችን መጥተው ለመኖር ዝግጁ ነዎት ወይ አለች። አቤሴሎም ጥያቄውን ሲተረጉም ድምፁ ይለምን ነበር። እትዬ በሐዘኔታ አዩት።

"በሟች ባሌ ክፍል ተቀምጬ አልዋሽም" አሉ። "አልመጣም በላት። ይህን ደግሞ እንዳታሳምረው።"

አላሳመረውም።

መልሱ ሳይዘገይ መጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ መሥራቾቹ ግን መስፈርቱን አያሟሉም ይላል። አቤሴሎም ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም፤ አዘነ፣ ከልቡ ነበር የፈለገው። በሦስተኛው ቀን ሮቤ ወርዶ ለሰው ሁሉ አወራው፤ ዘጠኝ ስንሆን በዛን፣ አንድ ስሆን አነስኩ፣ ሁለት ስንሆን እትዬ እውነት ተናገሩ እያለ። ሮቤ ሳቀች። ሐጂም ሰምተው ሁለተኛውን ኮምባይነራቸውን ለመጪው አዝመራ ሰጡት፤ ክፍያው ከአጨዳ በኋላ ይሁን አሉት።

ቢሮውን ሊከፍት ጎባ ሲመለስ እትዬ ከበር ጠርተው አስገቡት። ሹራቡ አልቋል። ክንድህን ዘርጋ አሉትና በራሱ ላይ አጠለቁለት። አንገቱ ጠበበና ፊቱ ሹራቡ ውስጥ ቀረ።

"አልሄድኩም እኮ፣ እትዬ" አለ ከውስጥ።

"ጎባስ መቼ ሞቆ ያውቃል?"

ፊቱ እንደተሸፈነ መሆኑ ድፍረት ሰጠው። ከሰሌዳው ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት ጀምሮ ሊለው የሚገባውን አለ።

"እትዬ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ስምዎ ይቆይ ወይስ ላንሣው?"

እትዬ ሹራቡን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ታች ሳቡት፤ የአቤሴሎም ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ጠጉሩ ቆሞ፣ ዓይኑ እርጥብ ሆኖ።

"እንዲህ ነው የሚጠየቀው" አሉት። "ይቆይ።"

የግራ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል። አቤሴሎም እስከ ዛሬ አጥፎ ይለብሰዋል።